ያልተለመዱ ጠፍጣፋ ፔዳሎች፦ ረጅም፣ ስስ፣ ጎባጣ ወይስ ባለ ማግኔት?

ጠፍጣፋ ፔዳል ሲያዩት ቀላል ዕቃ ነው። እግር የሚያርፍበት ገበታ፣ መሃሉን የሚያቋርጥ ዘንግ፣ ጫማ እንዳይንሸራተት ዙሪያውን የተተከሉ ፒኖች፤ በቃ። የተራራ ብስክሌት ገበያ ላይ ግን ከዚህ መልክ የወጡ ብዙ ዓይነቶች አሉ። ውስጥ እግርን ከአውራ ጣት ሥር እስከ ተረከዝ አጠገብ የሚሸከም ረጅም ፔዳል አለ፤ መሃሉ ላይ ዘንግ የሌለው ስስ አለ፤ እንደ ኤሊ ጀርባ የጎበጠ አለ፤ ጫማን በማግኔት የሚስብም አለ። አንዱ ሻጭ የሌላውን ንድፍ ያጣጥላል፤ ዋጋቸውም ደህና ናይሎን ፔዳል ከሚያወጣው ሁለትና ሦስት እጥፍ ነው።

አብዛኞቹ የሚፈቱት ችግር በእርግጥ አለ። ችግሩ እርስዎ ዘንድ መኖሩን ማረጋገጥ ግን የገዢው ሥራ ነው፤ እያንዳንዱ ንድፍ አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ያበላሻልና።

## ከፔዳሉ በፊት ጫማው

«እግሬ ይንሸራተታል» ብሎ ፔዳል የሚቀይር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው ጫማ ነው። እኛ ዘንድ በየቤቱ የማይጠፋው የሩጫ ጫማ ለፔዳል አይመችም። ሶሉ ከፊት ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ከተረከዙ ይወፍራል፣ ስለዚህ ገበታውን የሚነካው በጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ስፖንጁም ሲረገጥ ወደ ጎን ይሸሻል፤ ፒኑ ሶሉን ቢይዘውም እግር ከላይ ይዋልላል።

የሚፈለገው ሜዳ የሆነ፣ ቅርጹ ጥልቀት የሌለው፣ ለስላሳ ጎማ ያለው ሶል ነው። በአውራ ጣት ጥፍር ሲጫኑት ምልክቱ ለአፍታ ቆይቶ የሚጠፋ ጎማ ፒን ይይዛል፤ ወዲያው የሚነጥረው አይይዝም። ከ2011 ጀምሮ የአዲዳስ የሆነው የጫማ አምራች ፋይቭ ቴን የታወቀው በዚህ ዓይነት ጎማ ነው። ያ ካልተገኘ ተራ ሜዳ ሶል ያለው ሸራ ጫማ እንኳ ከውድ የሩጫ ጫማ ይሻላል።

## መመዘኛዎቹ

ይዞታ (ፔዳሉ ጫማን አጥብቆ መያዙ)። ይዞታ የሚወሰነው በፒኑ ብዛት ብቻ አይደለም። ፒን የበዛበት ፔዳል አለ፤ በየገጹ 8 ፒን ብቻ ኖሮት ግን ደህና የሚይዝም አለ። ለውጥ የሚያመጡት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ የፒኑ ቁመት (ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚ.ሜ)፣ ፒኖቹ ወደ ገበታው ጠርዝ መውጣታቸው፣ የገበታው መሃል መሰርጎዱ።

ስርጉድነትን ከማስታወቂያው አይቀበሉ፤ ይለኩት። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ከፊተኞቹ ፒኖች ጫፍ እስከ ኋለኞቹ ጫፍ ያጋድሙ። ከዚያ መሃል ላይ ካለው ከፍተኛ ነጥብ (የመሃል ፒን ጫፍ፣ እሱ ከሌለ የዘንጉ ጀርባ) እስከ ማስመሪያው ያለውን ክፍተት ይዩ። 2 ሚ.ሜ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እግር ገብቶ ይቀመጣል። ክፍተት ከሌለ ፔዳሉ ሜዳ ነው። ማስመሪያው እንደ ሚዛን ወዲያ ወዲህ ካለ ደግሞ፣ ካርቶኑ ላይ ምንም ይጻፍ፣ ፔዳሉ ጎባጣ ነው። አካሉ ስርጉድ ተብሎ የተሸጠ ፔዳል የመሃል ፒኖቹ ረጅም ስለሆኑ ብቻ ሜዳ ሆኖ ይገኛል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ የመሃሎቹን ፒኖች ይንቀሉ ወይም ከሥራቸው ሮንዴላ አስገብተው ያሳጥሯቸው።

ከመሬት ያለው ከፍታ። ስስ ፔዳል ድንጋይ አይመታም ይባላል፤ ሒሳቡ ግን ያን ያህል አይደለም። ውፍረቱ 18 ሚ.ሜ የሆነውን በ12 ሚ.ሜ ቢቀይሩ ከዘንጉ በታች የሚያተርፉት ግማሹን፣ 3 ሚ.ሜ ብቻ ነው። ክራንኩን (ፔዳሉ የሚታሰርበትን ክንድ) ከ175 ወደ 165 ሚ.ሜ ማሳጠር ግን 10 ሚ.ሜ ይሰጣል። ብስክሌቱ 20 ዲግሪ ሲያዘነብል ደግሞ ወደ ውጭ የወጣ እያንዳንዱ 10 ሚ.ሜ ስፋት የፔዳሉን ጫፍ ወደ 3.4 ሚ.ሜ ያወርደዋል። ፔዳሉ ድንጋይ እየመታ የሚያስቸግር ከሆነ መጀመሪያ የክራንክ ርዝመት፣ ቀጥሎ ስፋት፣ መጨረሻ ላይ ውፍረት ይታይ።

ውፍረት ሌላ ቦታ ላይ ግን ይቆጠራል። ሶሉ ከዘንጉ መሃል መስመር በራቀ መጠን ፔዳሉ ከእግር ሥር መገልበጥ ይቀናዋል። ሲቀርብ ይረጋጋል። ስስ ፔዳል የረገጠ ሰው «ብስክሌቱ ውስጥ የገባሁ መሰለኝ» የሚለው ለዚህ ነው።

የእግር ድጋፍ። ገበታው ከጫማው ጋር መመጣጠን አለበት። ክራንክብራዘርስ ስታምፕ የተባለውን ፔዳል በሁለት መጠን (100 በ100 እና 114 በ111 ሚ.ሜ) የሚሠራው ለዚህ ነው። ጫማዎ 39 ሆኖ ሰፊ ገበታ ቢወስዱ ጫፎቹ ያሉት ፒኖች ሶሉን አይነኩም፤ ቅልጥም ለመላጥ ብቻ ይቀራሉ።

ዕድሜና ዕቃ ማግኘት። ፔዳልን የሚገድለው ኩሽኔታው ነው። መለኪያው የተለመደ ኩሽኔታ ከሆነ ቁጥሩ ሽፋኑ ላይ ይጻፋል፤ የኩሽኔታ ሱቅ ወስደው ቁጥሩን አሳይተው መግዛት ይቻላል። ለዚያ ፔዳል ብቻ የተሠራ ከሆነ ግን አምራቹን መጠበቅ ነው። ከውጭ ሰው ሲመጣ ፔዳል የሚያስመጡ ከሆነ የኩሽኔታና የፕላስቲክ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) መቀየሪያውን አብረው ያስይዙ። ፔዳሉ ደርሶ መቀየሪያው ካልደረሰ በአንድ ክረምት ዕቃው ከንቱ ይሆናል።

መውጣት። ሚዛን ሲጠፋ እግር በቅጽበት መሬት መርገጥ አለበት። ጠፍጣፋ ፔዳል የሚመረጥበት ዋናው ምክንያት ይህ ስለሆነ ይህን የሚቀንስ ንድፍ ሌላ ጥቅሙ ትልቅ መሆን አለበት።

## ረጅም ፔዳል

ከሁሉ በላይ የሚያከራክረው ይህ ነው። የሚታወቀው ምሳሌ የአሠልጣኝ ጄምስ ዊልሰን ካታሊስት ነው፤ የመጀመሪያው 128 ሚ.ሜ ርዝመትና 95 ሚ.ሜ ስፋት ነበረው። የተለመደ ፔዳል ርዝመት ከ100 እስከ 110 ሚ.ሜ መሆኑን ያስታውሱ። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ የእግር ኳስ ተጫዋች ለመዝለል ይሁን ለመሮጥ በጣቶቹ ሥር መሬትን ይገፋል፤ ብስክሌት ላይ ግን እግር ከፔዳሉ አይለቅም፣ ስለዚህ ከባድ ዕቃ ከመሬት እንደሚያነሣ ሰው መላው ውስጥ እግር ቢረግጥ ይሻላል። ዘንጉ ከአውራ ጣት ሥር ሳይሆን ወደ መሃል እግር ይጠጋል።

ተቃዋሚዎቹ «ጉልበት ይጠፋል» ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ የባዮሜካኒክስ ጥናት ተወዳዳሪ ብስክሌተኞች እግራቸውን በፔዳሉ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያንቀሳቀሱ ሲፈተኑ በሚጠቀሙት ኦክስጅን ላይ ልዩነት አልታየም፤ የባት ጡንቻ ሸክም ግን ቀንሷል። ስለዚህ «ያበረታል» የሚለውም «ያደክማል» የሚለውም የተጋነነ ነው። ተጨባጩ ጥቅም ለባት፣ ለቁርጭምጭሚትና ረጅም ቁልቁለት ላይ ቆሞ ለሚወርድ ሰው ነው፤ ተረከዙ ወደ ታች እንዳይወድቅ ለመያዝ ባቱ አይታገልም።

ጉዳቱም ግልጽ ነው። የጫማው አፍንጫ ከፔዳሉ ፊት ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይወጣል፤ ድንጋያማ መንገድ ላይ ከፔዳሉ ይልቅ ጣት ይመታል። ትንሽ ፍሬም ላይ መሪ ሲዞር አፍንጫው የፊት ጎማውን ሊነካ ስለሚችል ከመግዛትዎ በፊት በተለመደው ፔዳል እግርዎን ወደ ፊት አስጠግተው መሪውን አዙረው ይሞክሩ። ብስክሌቱን በቁርጭምጭሚት ጎትቶ ለመዝለል የለመደ ሰውም የሚጎትትበት ነገር ያጣል።

ረጅም ፔዳል የገጠመ ሰው ኮርቻውን ካላወረደ ጉልበቱ ከኋላ ይጎተታል። ቁርጭምጭሚት እግርን ማርዘሙን ስለሚተው ከ5 እስከ 10 ሚ.ሜ ያውርዱ፣ ከዚያ በ2 ሚ.ሜ ያስተካክሉ። ብዙ ሰው «አልተስማማኝም» ብሎ የሚመልሰው ይህን ሳያደርግ ነው።

## ስስና መሃል ዘንግ የሌለው

እዚህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ስም ይሸጣሉ። አንደኛው ሙሉ ዘንግ ኖሮት አካሉ የሳሳ ነው። ሁለተኛው፣ እንደ ቲዮጋ ኤምቲ-ዜሮ ያለው፣ ዘንጉን አሳጥሮ ኩሽኔታዎቹን በሙሉ ክራንኩ አጠገብ ይሰበስባል። የገበታው መሃል ባዶ ስለሆነ ሶሉ ወደ ዘንጉ መስመር ይወርዳል፤ ስርጉድነቱ በሌላ ንድፍ አይገኝም። በክረምት ዋልካ ላይም ይረዳል፤ ጭቃው የሚከማችበት መሃል የለውምና እግር ሲረግጥ በቀዳዳው ይወጣል።

ዋጋው በኩሽኔታ ይከፈላል። ሙሉ ዘንግ ሸክሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያከፋፍላል። አጭሩ ግን 100 ሚ.ሜ ርቆ የሚረገጠውን ኃይል በጥቂት ሴንቲ ሜትር ውስጥ ይሸከማል፤ እንደ ረጅም መፈንቅል ያስቡት። ሌላው የሚረሳ ነገር ክራንኩ አጠገብ ያለው ጉብታ ነው፤ ትልቁ ኩሽኔታ እዚያ ስለሚቀመጥ እግርን ወደ ውጭ ይገፋል፣ ወይም የጫማውን ውስጠኛ ጠርዝ ያነሣል። እግሩን ከክራንኩ አስጠግቶ የሚረግጥ ሰው በሁለተኛው ሰዓት ይሰማዋል።

በየወሩ ይፈትሹ፤ ክራንኩን በአንድ እጅ ይዘው የፔዳሉን ውጫዊ ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ያንቀጥቅጡ። ትንሽ ጨዋታ ካለ ቡሹ አልቋል። ቡሹን በጊዜ መቀየር ትንሽ ወጪ ነው፤ ችላ ቢሉት ግን ዘንጉን ይበላዋል።

## ጎባጣው

ካንፊልድ ክራምፖን የዚህ ወገን ጠበቃ ነው፤ አንዱ ሞዴሉ ጠርዙ ወደ 6 ሚ.ሜ ይሳሳል። ክርክሩ፦ ውስጥ እግር ራሱ ቅስት ስለሆነ ጎባጣ ገበታ ይገጥመዋል፣ ስሱ ጠርዝም ድንጋይ ሲመታ አንሸራቶ ያሳልፋል። ሁለተኛው ነጥብ ያስኬዳል። የመጀመሪያው ጫማው ለስላሳ ከሆነ ብቻ ነው፤ ሶሉ ደረቅ ከሆነ ቅስቱ ገበታው ጋር አይደርስም፣ ሶሉም መሃል ላይ እንደ ዥዋዥዌ ይቀመጣል። እግርን ማንሸራተትና ቦታ መቀየር ለሚወድ ይመቻል። እግሩ አንድ ቦታ ተቸንክሮ እንዲቆይ የሚፈልግ ግን አይግዛው።

## ባለ ማግኔት

የኦስትሪያው ማግፔድ በዚህ የታወቀ ነው። ገበታው መሃል ኒዮዲሚየም ማግኔት አለ፤ ሁለት ብሎን በሚቀበል ጫማ ሥር የብረት ሳህን ይታሰራል። ኃይሉ እንደ ሞዴሉ 100፣ 150 ወይም 200 ኒውተን ነው፤ 200 ኒውተን ማለት ወደ 20 ኪሎ የሚጠጋ ቀጥተኛ ሳብ ነው። የሚለቀው እግርን ወደ ጎን በማጋደል ወይም በማጣመም ነው፤ ማግኔት ቀጥታ ወደ ላይ ሲሳብ ይጠነክራል፣ ከአንድ ጠርዝ ሲነሣ ይሸነፋል።

ለጠጠር መንገድ፣ ለረጅም ዳገትና ተቆላፊ ፔዳል (ጫማን ከፔዳሉ ጋር የሚቆልፈውን) ለሚፈራ ሰው ጥሩ መካከለኛ ነው። ለሻካራ ቁልቁለት ግን አንመክርም። እግር ሲነጥር ሳህኑ ከማግኔቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከራቀ ኃይሉ ክፉኛ ይወድቃል፤ እግር ተይዟል ብሎ የተማመነ ሰው ያኔ ነው የሚደነግጠው። ጭቃም ያንኑ ክፍተት ይፈጥራል። አሸዋ ውስጥ ያለ የብረት ብናኝ ማግኔቱ ላይ እንደ ጢም ይበቅላል፤ በጨርቅ ሲጠርጉት ይሰራጫል እንጂ አይለቅም፣ በሰፊ ፕላስተር ለጥፎ መንቀል ነው መላው። የማግኔቱ ሽፋን ከተላጠ ይዝጋል። ልባቸው ውስጥ የኤሌክትሪክ መሣሪያ የተተከለላቸው ሰዎች ፔዳሉን እንኳ ታቅፈው መሸከም የለባቸውም።

## ሁለት ፊት ያለው

አንዱ ገጽ ተቆላፊ፣ ሌላው ገጽ ጠፍጣፋ፤ ሺማኖ ፒዲ-ኢኤች500 ምሳሌ ነው። ለሥራ መሄጃና ለጉዞ ግሩም። ተራራ ላይ ግን እግር ሲመለስ የሚያገኘው ሁልጊዜ የማይፈልገውን ገጽ ነው።

## በአንድ እይታ

| ዓይነት | የሚፈታው | የሚያመጣው | ጥገና | ግምታዊ ዋጋ (ዶላር) |
|---|---|---|---|---|
| የተለመደ ናይሎን | በርካሽ ይዞታ | ይወፍራል፣ ከጊዜ በኋላ ፒኑ ይፈታል | ቀላል | 40–60 |
| የተለመደ አሉሚኒየም፣ ስርጉድ | ይዞታ፣ ዕድሜ | ልዩ ጉዳት የለውም | ቀላል | 100–180 |
| ረጅም | የባት ድካም፣ ትልቅ እግር | ጣት ይመታል፣ ለዝላይ ከባድ | ቀላል | 100–150 |
| መሃል ዘንግ የሌለው | መረጋጋት፣ ጭቃ | ጉብታ፣ የኩሽኔታ ዕድሜ | ልዩ ዕቃ ይፈልጋል | 120–200 |
| ጎባጣ | ጠርዝ ድንጋይ ያሳልፋል | በደረቅ ሶል ይዋልላል | መካከለኛ | 120–180 |
| ባለ ማግኔት | ዳገት፣ የጠጠር መንገድ | ጭቃ፣ ንዝረት፣ ክብደት | ጽዳት ይበዛዋል | 120–250 |

ዋጋው የቀረጥና የማስላኪያ ወጪን አይጨምርም።

## ለማን የትኛው

ከ60 ዶላር በታች ላለው፦ ክርክሩን ይተዉት። እንደ ሬስ ፌስ ቼስተር ያለ ናይሎን ፔዳል (110 በ101 ሚ.ሜ፣ ጥንዱ ወደ 340 ግራም) የብረት ፒን አለው፤ ድንጋይ ሲመታም ከአሉሚኒየም ይልቅ ተንሸራቶ ያልፋል። የተረፈው ገንዘብ ለጫማ ይሁን። ፒኑ በቀጥታ ከፕላስቲኩ ጋር የተቀረጸ ርካሽ ፔዳል ግን አይግዙ፤ እርጥበት ላይ ሳሙና ነው፣ ፒኑም አይቀየርም።

ጫማዎ 44 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ባትዎ ቁልቁለት ላይ የሚቃጠል ከሆነ፦ ረጅሙን ይሞክሩ። ካልተለመዱት መካከል ለብዙ ሰው ገንዘቡን የሚመልሰው እሱ ነው ብለን እናምናለን። ሳይገዙ ለመሞከር ባለዎት ፔዳል ላይ እግርዎን 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ያስጠጉ፣ ኮርቻውን ያውርዱ፣ ሁለት ሳምንት ይንዱ። ካልወደዱት 130 ዶላር አተረፉ።

በክረምት ጭቃ ለሚነዳ፣ መካኒክነት ለማይከብደው፦ መሃል ዘንግ የሌለው። ፔዳል ገጥሞ ለዓመት ለሚረሳ ሰው ግን አይሆንም።

ለዝላይና ለብስክሌት ፓርክ፦ የተለመደው ስርጉድ አሉሚኒየም። እዚህ ላይ እንግዳ ነገር ፍለጋ አያስፈልግም።

ዳገት ለሚበዛው የጠጠር መንገድ፦ ማግኔቱ፣ 150 ኒውተን ይበቃል። 200ው ለከባድ ሰው ነው፤ ቀላል ሰው እግሩን ማስለቀቅ ይቸግረዋል።

ለልጅ፦ ትንሽ ናይሎን፣ ፒኑ አጭር ወይም ፕላስቲክ። የልጆች ብስክሌት ክራንክ አንድ ወጥ ብረት ከሆነ ቀዳዳው 1/2 ኢንች ስለሚሆን የተለመደው 9/16 ኢንች አይገባም።

## ሲገጥሙት

የግራው ፔዳል ጥርስ ተቃራኒ ነው። ሁለቱም የሚጠብቁት የዘንጉ ላይኛው ክፍል ወደ ፊት ጎማ ሲዞር እንደሆነ ቢያስታውሱ አይሳሳቱም። ዘንጉ ላይ ያሉት «ኤል» እና «አር» ፊደላት ግራና ቀኝ ይለያሉ።

ጥርሱን ግራሶ ይቀቡ። ቁልፍ ሳይነኩ በጣት ሦስት ሙሉ ዙር ያስገቡ፤ በጣት እምቢ ካለ ተጣሟል፣ ነቅለው እንደገና ይጀምሩ። የአሉሚኒየም ክራንክ ጥርስ አንዴ ከተበላ ቶርኖ ቤት ወስዶ የብረት ቀለበት ማስገባት ነው ያለው አማራጭ። ማጥበቂያው ከ35 እስከ 40 ኒውተን ሜትር ነው፤ መለኪያ ቁልፍ ከሌለ 20 ሴንቲ ሜትር እጀታ ያለውን የ8 ሚ.ሜ ብሩጎላ ወይም የ15 ቁልፍ ጫፉ ላይ ይዘው 18 ኪሎ ያህል መግፋት ማለት ነው።

ፒኖቹን ከአጭሩ ይጀምሩ። 3 ሚ.ሜ እግርን ካልያዘ ብቻ በጠርዙ ያሉትን ወደ 4 እና 5 ያሳድጉ፤ የመሃሎቹን ይተዉ። ከጀርባ የሚገቡ ፒኖች ይሻላሉ፤ ፊታቸው ድንጋይ መትቶ ቢጎብጥ እንኳ ከኋላ ሊፈቱ ይችላሉ። ከፊት የሚፈቱት ግን ጭንቅላታቸው ከተበላ በፒንሳ መታገል ነው። እያንዳንዱን በብሎን ማጣበቂያ ጠብታ ያስሩት፤ ያለዚያ በየጉዞው አንድ አንድ ይጠፋሉ።

አዲስ ፔዳል በጣት ሲገፋ ጥቂት ዞሮ ቢቆም ጉድለት አይደለም። እንዲያውም መጠነኛ መያዙ ይጠቅማል፤ እግር ሲነሣ ገበታው ባለበት ይቆያል፣ ሲመለስም ያገኘዋል። እንደ ነፋስ ማራገቢያ የሚሽከረከረው ማኅተሙ የላላ ወይም ግራሶው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ጉዞ በኋላ ቁልፉን እንደገና ያስገቡበት፤ ሩብ ዙር እንኳ ከሄደ ልቅ ነበር ማለት ነው፣ ልቅ ፔዳልም የክራንኩን ጥርስ በአንድ ቀን ይጨርሳል።